ከአሽከርካሪው የቀረበ አስተያየት የለም

ይህን ታሪክ ዛሬ ገና ለከፈታችሁት፣ ያመለጣችሁ ብዙ አይደለም። ፍሬሕይወት እባላለሁ፤ ወላይታ ሶዶ ተወልጄ እዚያው ያደግሁ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ። ለገጠር ቀበሌዎች ክትባት በሚያደርስ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ የግዢ ሠራተኛ ነኝ። የድርጅቱን ሹፌር ፋኑኤልን እወደዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ወደድኩት፣ አራት ዓመት ሙሉ ደበቅሁት። መውደዱ አላደከመኝም። መደበቁ ግን አጥንቴ ድረስ ዘልቋል።

የምንገናኘው መኪና ውስጥ ነበር። መስክ ስወጣ እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ፣ ነርሶቹ ከኋላ ከክትባት ሳጥኖቹ ጋር ይሆናሉ። ሰው ካለ «ወይዘሪት ፍሬሕይወት፣ መስኮቱን ልዝጋልዎት?» ይለኛል። ሰው ከሌለ «ፍሬዬ» ነኝ። ከሶዶ እስከ ተበላ ከተማ ቅርብ ነው፤ ሚኒባስ ላይ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ብቻችንን ስንሆን ግን ፋኑኤል አንድ ጋሪ ፊቱ ካገኘ ሳይቀድም ከኋላው ይከተላል፤ እኔም ለምን አትቀድምም ብዬው አላውቅም።

እናቴ ወይዘሮ እልፍነሽ ናት። አያቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ጸሐፊ ነበሩ፤ እሳቸው ከሞቱ ሃምሳ ዓመት ቢያልፍም ቤታችን እስከ ዛሬ «የጸሐፊው ቤት» ይባላል። ፋኑኤል የተበላ ገበሬ ልጅ ነው። ቤታቸው የሚነገረው ወላይትኛ፣ እሁድ የሚሄዱት ጸሎት ቤት ነው። «ሽማግሌ ልላክ» ባለኝ ቁጥር ቀጠሮ እሰጠዋለሁ። ፋሲካ ይለፍ። ክረምቱ ይውጣ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ይለፍ፣ ከዚያ ደግሞ መስቀል ይለፍ። አራት ጊፋታ አለፈ። እሱ አንድም ቀን አልተቆጣም፤ ብቻ መጠየቁን እያራቀው መጣ።

ታብሌቱ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ወደ ቆላ ይነዱ የነበሩት አንጋፋው ሹፌር ጋሽ በድሉ መንገዱን በሙሉ በቃላቸው ያውቁ ነበር። የትኛው የወንዝ መሻገሪያ በሐምሌ እንደሚዘጋ፣ የትኛው የከብት መንገድ መኪና እንደሚያሳልፍ፣ ሁሉም እሳቸው ራስ ውስጥ ነበር። ዘንድሮ ጡረታ ሲወጡ ካርታውም አብሯቸው ወጣ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ካርታ የሚያሳይ፣ መኪናው የት እንዳለ የሚነግር ታብሌት ይገዛ ተባለ፤ ግን ርካሽ ይሁን ተባለ። ግዢው እኔ ላይ ወደቀ።

እኔ ስለ ታብሌት የማውቀው የእህቴ ልጅ ካርቱን እንደሚያይበት ብቻ ነው። ፋኑኤል ግን ሦስት ሳምንት በራሱ ጊዜ ደከመበት። ከጓደኞቹ እየተዋሰ፣ ከሱቅ ደግሞ መታወቂያውን እያስያዘ እየወሰደ፣ አንዱን በኦቶና በኩል፣ አንዱን በተበላ በኩል ሞከረ። ሲጨርስ ከመኪናው መዝገብ ላይ አንድ ወረቀት ገንጥሎ ጻፈና ጋቢናው መቀመጫ ላይ አስቀመጠልኝ። እንዲህ ይላል፦

«ስለ ታብሌቱ። ውድ አያስፈልገንም፤ ግን የራሱ ጂፒኤስ ያለው መሆን አለበት። ሲም የማይወስዱት ርካሾቹ አብዛኞቹ የላቸውም፤ ሻጮቹም አያውቁም። ከተማ ውስጥ በዋይፋይ ቦታችንን ስለሚያሳዩ ያላቸው ይመስላል። ከአስፋልት ሲወጡ ግን ነጥቧ ባለችበት ትቀራለች። ስለዚህ ሳይገዛ ከከተማ ወጥቶ፣ ዋይፋይ ተዘግቶ፣ እየተነዳ ይሞከር። ፀሐይ ላይ የሚነበብ ይሁን። ከስምንት ኢንች አይብለጥ፣ ትልቁ መንገድ ይጋርዳል። ሞክሬ ያልሳተኝ መካከለኛ ዋጋ ያለው ነው፤ ስሙን ጀርባው ላይ ጽፌዋለሁ። ፋኑኤል።»

ከዚያ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፦ «ፍሬዬ፣ ዛሬም ምሳ ሳትበዪ ነው የዋልሽው። ብዪ።»

ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት ጉዴን ያመጣችው። ወረቀቱን ከግዢው ፋይል ጋር ማያያዝ አልቻልኩም። መቅደድም አልሆነልኝም። በንፁህ ወረቀት ገልብጠሽው ቢሆንስ ትሉኛላችሁ፤ እኔም ራሴን ስንት ሌሊት ጠይቄዋለሁ። ልገለብጠው ነበር። ነገ እገለብጠዋለሁ እያልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ከረመ። አራት ዓመት ሁሉን ነገር ነገ ስል የኖርኩ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ ምን የተለየ ነገር ላደርግ ነው?

የግዢ ኮሚቴው በሰኔ መጨረሻ ተሰበሰበ፤ በጀት ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሥራችን እንዴት እንደሆነ ለማታውቁ፣ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ መስፈርቱን ካሟሉት ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል። እኔ መስፈርቱ ላይ «ጂፒኤስ ያለው» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ርካሹን ያቀረበው ሱቅ ደግሞ «አለው» ብሎ ማኅተም መትቶበታል። ኃላፊያችን መክብብ ታብሌቱን ከፈተው። ሰማያዊዋ ነጥብ ግቢያችን ላይ ቁጭ ብላለች፣ የጥበቃው ቤት ሳይቀር ይታያል። ሁሉም ደስ አለው።

ከከተማ ወጣ ብለን ብንሞክረው አልኩ፣ ቀስ ብዬ። መክብብ ሰዓቱን አየ። ሲም የሚወስደው ቢሆን ይሻላል፣ አንዳንዶቹ ዋይፋይ ከሌለ አይሠሩም አልኩ። ይሄኔ የፋይናንሷ ፀደንያ ፈገግ አለች። ክፋት የለባትም፤ መቀለድ ትወዳለች፣ በዚያ ላይ ዓይኗ የማያየው ነገር የለም። ይሄን ሁሉ ከየት ተማርሽው፣ ፋኑኤል ነው አይደል ያስጠናሽ አለችኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ አብሯት ፈገግ አለ። ፊቴ ጋለብኝ።

«አይ፣ እሱ ምንም አላለኝም» አልኩ።

መክብብ እንግዲያው ይጻፍ አለ፤ ኦዲተር የሚጠቀምበት ሰው ተጠይቋል ወይ ብሎ ያፋጥጠናል። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔው ነኝ። ተራ ቁጥር አምስት ብዬ ጻፍኩ፦ «ከአሽከርካሪው የቀረበ አስተያየት የለም።» እጄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ዕቃው ተገዝቶ ለፋኑኤል የተሰጠው በሐምሌ አጋማሽ፣ ቆላ ወዳለው ወደ ዲምቱ በሚወጣበት ጠዋት፣ ከነካርቶኑ ነው። የሆነውን የነገረችኝ አብራው የነበረችው ነርስ ትሕትና ናት። ከዲምቱ አልፈው ከዋናው መንገድ ሲወርዱ ነጥቧ ሶዶ፣ ቢሯችን ግቢ ውስጥ ናት። ጥቂት ሄዱ፤ ነጥቧ ሶዶ ናት። ፋኑኤል አንዴ አየው፣ አንዴ በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ በፊቱ ደፋው። ማን እንደገዛው ያውቃል። ትሕትና እንመለስ ወይ ስትለው እናቶቹ ከንጋት ጀምሮ ልጅ ታቅፈው ጤና ኬላው በር ላይ ይጠብቃሉ፣ በዚህ መንገድ ከጋሽ በድሉ ጋር አንዴ ሄጄበታለሁ አላት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሚጠየቅ ሰው በየቤቱ ገባ፣ ጎርፉ የመኪና ዱካውን ሁሉ አጠበው፣ እሱም አንድ መታጠፊያ ሳተ። መኪናው ጭቃ ውስጥ እስከ በሩ ሰመጠ። አንድ ቀን ተኩል ቆይተው በበሬ ነው የወጡት። የክትባት ሳጥኖቹ በረዶ ቀለጠ፤ የሦስት መቶ ሕፃናት ክትባት ተደፋ። እናቶቹ እስኪመሽ ጠብቀው ልጆቻቸውን እንደታቀፉ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ጥፋቱ የማን ነው ሲባል፣ የሹፌሩ ተባለ። ታብሌት ተገዝቶለት፣ መንገድ ሳተ። ከሥራ ታገደና የዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ቤቱ ዋለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደወልኩለት፤ ያነሳል፣ ደህና ነኝ ይላል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። ወረቀቱን ስጪያቸው ቢለኝ ምናለበት ብዬ ተመኘሁ። ቢለኝ ኖሮ ሰጥቼ ተገላገልኩ። እሱ ግን አላለኝም፤ እኔ እንዳስበው ተወኝ።

የስብሰባው ቀን ፋኑኤል የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በር አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠ፣ እኔ መዝገቤን ይዤ ከመክብብ ቀኝ። መክብብ ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄን እወቁልኝ፤ ወረቀት የሚያምን ሰው ነው። ረጋ ብሎ ጠየቀው፤ ፋኑኤልም ረጋ ብሎ መለሰ። ታብሌቱ ጂፒኤስ እንደሌለው፣ እንዲህ ያለው እንዳይገዛ አስቀድሞ በጽሑፍ አስተያየት መስጠቱን ተናገረ።

ለማን እንደሰጠ ተጠየቀ።

መስኮቱን አየ። «አላስታውስም» አለ።

ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው። አራት ዓመት ስዋሽ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ የመጀመሪያ ውሸቱን ያን ቀን ለእኔ ሲል ዋሸ።

መክብብ ወደ እኔ ዞረ። የሰኔውን ቃለ ጉባኤ እንዳነብላቸው ጠየቀኝ። ገለጥኩት። ተራ ቁጥር አንድን አነበብኩ፣ ሁለትን፣ ሦስትን። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። አምስት ላይ ስደርስ ፋኑኤል ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ዓይን ቁጣ ቢኖርበት እችለው ነበር። ወረፋ ጠብቆ ጠብቆ ተራው ሲደርስ መስኮቱ እንደተዘጋበት ሰው ነበር የሚያየኝ፤ ድሮም ጠርጥሬ ነበር የሚል ዓይነት።

«ከአሽከርካሪው የቀረበ አስተያየት የለም» ብዬ አነበብኩ። በእጄ የጻፍኩትን፣ በአፌ፣ ፊቱ ላይ።

መክብብ በቃ እንግዲህ ሊል ሲል ቦርሳዬን ከፈትኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ከታጠፈበት ቦታ ሊቀደድ ደርሷል። መክብብ መነጽሩን አስተካክሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ነጥቧን፣ ዋይፋዩን፣ ከከተማ ወጥቶ ይሞከር የሚለውን። መጨረሻው ላይ «ፍሬዬ» ብሎ ቆመ። የቀረውን በልቡ አነበበው። ፀደንያ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች።

«ለምን ከፋይሉ ጋር አላያያዝሽውም?» አለኝ መክብብ።

«አፍሬ ነው።»

«ምን አሳፈረሽ?»

ሊገባው አልቻለም፤ ስለዚህ ተናገርኩት። «ፋኑኤልን እወደዋለሁ። አራት ዓመታችን ነው። ከሹፌር ጋር ናት እንዳትሉኝ አፍሬ ነው የደበቅሁት። እሱ ምንም አላጠፋም።»

ስጨርስ ከትከሻዬ ላይ ጆንያ የወረደልኝ መሰለኝ። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ ይልልኛል ብዬ ጠበቅሁ። በሰው ፊት ስሙን ጠርቼ እወደዋለሁ አልኩ አይደል? አራት ዓመት የጠበቃትን ቃል። ዞር ስል ግን ፋኑኤል አንገቱን ደፍቶ የሸሚዙን እጅጌ ይቆልፋል፤ የተቆለፈውን ፈትቶ እንደገና ይቆልፈዋል። ከዚያ ተነሳ፣ የማይፈልጉት ከሆነ እንዲያሰናብቱት ጠየቀና ወጣ።

ክሱ ተሰረዘለት። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል፣ ያንሰኛል እንጂ አይበዛብኝም።

ያገኘሁት ግቢው ጥግ፣ አቮካዶው ዛፍ ሥር፣ መኪናው ውስጥ ነበር። የራሱን ዕቃ ከዳሽቦርዱ እያወጣ በፌስታል ይከታል፤ መነጽሩን፣ ፎጣውን፣ አንድ ጥንድ ካልሲ። ሊያባርሩህ አይደለም አልኩት። እንደሰማ ነገረኝ። ነገ ሥራ እንደሚገባ፣ ዕቃውን የሚያወጣው መኪናው ሊታጠብ ስለሆነ ነው አለኝ። በሩን ይዤ ቆምኩ። ይቅርታ አልኩት፤ ያ ሁሉ ነገር በአንዲት ይቅርታ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚያንስ።

ፌስታሉን ቋጠረና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ሁለት ሳምንት ጥፋተኛ ሲሉኝ ቻልኩት» አለ። «ጥፋተኛ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ዛሬ ያልሽውን ግን አላውቅም ነበር።»

«ምኑን?»

«እናትሽን ፈርተሽ ይመስለኝ ነበር፣ ፍሬ። አራት ዓመት ሙሉ እናቷን ፈርታ ነው እያልኩ ነው የጠበቅሁሽ። መፍራት ይገባኛል። እኔን አፍረሽ መሆኑን ግን ዛሬ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ሰማሁት።»

እውነት ነበር። እሱን ያዳንኩበት ቃልና እሱን የገደልኩበት ቃል አንድ ቃል ነው፤ ሁለቱን ለያይቼ የምናገርበት መንገድ አልነበረኝም። ምን ላድርግ አልኩት።

«ደክሞኛል» አለ። «ከእንግዲህ ሽማግሌ ልላክ አልልሽም። እዚህ አገር ሽማግሌ የሚልከው የበደለ ሰው ነው። እናቴ ተበላ ናት፤ ቤቷ አይጠፋም።»

አልሳቀም። እየተሰናበተኝ ይሁን፣ መንገድ እያሳየኝ ይሁን አላወቅሁም። ለእሱም የገባው አይመስለኝም። እግሬን እየጎተትኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሙን፣ ሥራውን፣ ዓመቱን፣ ጸሎት ቤቱን። መላጡን አላቆመችም። ከዚያ ሽማግሌ እንድትልክልኝ ስጠይቃት ቢላዋውን አስቀመጠች። አጎቴ ጋሽ እሸቴ ተጠራ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ከሠላሳ በላይ ትዳር በሽምግልና አስጀምሯል። ከሴት ወገን ተልኮ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው ወይ ብሎ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። እናቴ የአባቴን ፎቶ አየች፣ ሰው ምን ይለናል አለች። ለአንድ ሰው ደስታ ስንት ጎረቤት ማስፈቀድ ይኖርብኛል ብዬ ተቆጣሁባት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ እንደኔው ደክሟታል።

«አንቺ ራስሽ አፍረሽበት የለም ወይ?» አለችኝ። «እኔን ምን ብለሽ ትወቅሺኛለሽ?»

ነጭ ሽንኩርቱን አብሬያት ላጥኩ።

በሚቀጥለው የተበላ ገበያ ቀን ብቻዬን ሚኒባስ ያዝኩ። ከኋላ ወንበር፣ በሁለት ሴትዮዎችና በአንድ የበቆሎ ጆንያ መሃል ተጣብቄ። ፋኑኤል በገበያ ቀን ከሥራ ሲወጣ እናቱ ጋ እንደሚያድር አውቃለሁ። እሱ ሳይመጣ ደርሼ፣ ሽማግሌ ሊል የሚገባውን ራሴ ልል ነው ሐሳቤ። ይሄ የጤና ሐሳብ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን የሚልከው ሰው ያጣ ራሱን ከመላክ በቀር ምን ያደርጋል?

እየጠየቅሁ ሄድኩ። ወላይታ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬ ወላይትኛዬ ሰላምታና የገበያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይሄም ያን ቀን ነው ያሳፈረኝ። ቤቱን ከገበያው በላይ፣ ከማንጎው ሥር አገኘሁት። በሩ ክፍት ነው፤ ወደ ገበያው የሚወርደው መንገድ እደጁ ያልፋል። እናቱ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። ሳሮ ብዬ ሰላም አልኳቸውና የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ።

ወጉን አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። በርጩማ አቀረቡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። በእጃቸው መታ መታ አድርገው አሳዩኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቦርሳዬንና የቢሮ ጫማዬን አዩና የገባቸው መሰላቸው፤ ወደ ጓዳ ገብተው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። የልጅ ልጆቻቸው የክትባት ካርድ ነው። አንድ በአንድ እየዘረጉ፣ ሁሉም መከተባቸውን በጣታቸው ያሳዩኛል። ለክትባት ቁጥጥር የመጣሁ መስሏቸዋል።

ይሄኔ የፋኑኤል ታላቅ እህት ህብረት ከጓሮ መጣች። አማርኛ ታውቃለች። አየችኝ፤ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ፍሬሕይወት ነሽ?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም ደግነት አልነበረም። ወንድሟ ከዚያ ስብሰባ በኋላ እንዴት ሆኖ እንደመጣ ታውቃለች።

ካርዶቹ እጄ ላይ እንዳሉ ሁሉንም ተናገርኩ። እሷ ትተረጉማለች። ስለ ወረቀቱ ነገርኳቸው፣ ስለ ቃለ ጉባኤው፣ ልጃቸው እንደወደደኝ፣ እኔ ደግሞ እንዳፈርኩበት። ህብረት እዚህ ላይ ቆም አለችና ይሄንንም ልንገራት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ንገሪያቸው አልኳት። እናቱ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ማን ይዞሽ መጣ ብለው አስጠየቁኝ፤ ማንም አልኩ። ሰው ጠፍቶ ነው ወይ አሉ፤ አዎ፣ ጠፍቶ ነው አልኩ። ሰውነቴ በሙሉ ተቀመጪ ይለኛል።

«አሁንስ ታፍሪበታለሽ?» ብላ ተረጎመች ህብረት።

«አሁን የማፍረው በራሴ ነው» አልኩ።

እናቱ ካርዶቹን ከእጄ ተቀበሉ፣ በላስቲካቸው መልሰው ጠቀለሉ። ከዚያ አጠር ያለ ነገር ተናገሩ፤ ህብረት ስትተረጉመው ድምፅዋ ትንሽ ለስልሶ ነበር። «የተበደልኩት እኔ አይደለሁም ትላለች። የተበደለው ወደ አመሻሽ ይመጣል። ደክሞሻል፣ ቁጭ ብለሽ ጠብቂው።»

በርጩማውን ራሳቸው አምጥተው በሩ ላይ፣ ብርሃኑ ጋ አደረጉልኝ፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ተቀመጥኩ። እምባዬ መጣ፣ አልጠረግሁትም። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ በደጁ እያለፈ ያየኛል። የለመደ ሰውነቴ በርጩማዋን ወደ ጓዳ ሳብ ሳብ ሊያደርጋት ፈለገ። ተውኩት።

ብዙም ሳልቆይ ወይዘሮ ሳህሊቱ ብቅ አሉ። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፣ በገበያ ቀን ጨርቅ ይዘው ከሶዶ ተበላ ይወርዳሉ። እሳቸው ያዩት ነገር ሳይመሽ ሶዶ ይደርሳል፤ እናቴ እራት ሳትበላ ትሰማዋለች። አልፈውኝ ነበር፤ ተመለሱ። ዣንጥላቸውን አጥፈው እኔን አዩ፣ ቤቱን አዩ፣ የፋኑኤልን እናት አዩ።

«ፍሬሕይወት፣ እዚህ ሰው ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፋኑኤልን እየጠበቅሁ ነው» አልኳቸው።

«የቱን ፋኑኤል?»

«ሹፌሩን። ላገባው ነው፣ እሺ ካለኝ።»